በእውቀቱ «ፀሐዩ» የተባለው እንዲህ ነው

ወረታ ላይ ስም የሚያወጣው ቄስ ብቻ አይደለም። ቄስ ያወጣውን ባጃጅ ተራ ይሽረዋል። በእውቀቱን ዛሬ በእውቀቱ የሚለው ያለ እናቱ የለም። ከጎንደሩ መንገድ እስከ ደብረ ታቦሩ መገንጠያ ብትጠይቁ «ፀሐዩ» ነው የሚሏችሁ። እንግዳ ሰው ሙገሳ ይመስለዋል።

ሰውየው ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር ይጠግናል። ሲጠግን ሲጠግን ኮምፒውተር በአማርኛ የሚታዘዝበትን ቋንቋ ሠራ። «ጻፍ» ሲሉት ይጽፋል፤ «ድገም» ሲሉት ይደግማል። ይህን ማንም አይነሣውም፤ ቋንቋው ይሠራል። ችግሩ ኤዲተሩ ላይ ነው፤ ኮዱ የሚጻፍበት ፕሮግራም ላይ ማለት ነው። ኤዲተር ቋንቋውን የሚያስተምረው ካገኘ ትክክለኛውን ቃል አረንጓዴ ይቀባል፤ የተሳሳተውን ከሥሩ በቀይ ያሰምርበታል። ካላገኘ ሁሉም ያው ጥቁር ነው። የኤዲተሩ ዓይነት ደግሞ ብዙ ነው፤ ሰው ሁሉ የለመደውን አይለቅም።

በእውቀቱ አንድ በሽታ አለበት፦ እሺ ማለት። አንዱ መጥቶ «በእኔ ኤዲተር አይሠራም» ሲለው «እሺ» ይልና ለዚያ ኤዲተር ብቻ አንድ ማስተማሪያ ይጽፍለታል። ሌላው ሲመጣ ሌላ። ኤዲተሮቹ በታደሱ ቁጥር ማስተማሪያዎቹ ይሰበራሉ። ሩዝ ላይ ወፍ የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ እንደሆን እንደዚያ ነበር፤ በወዲያ ዳር ሲያባርር በወዲህ ዳር ይሰፍርበታል።

ሚስቱ ሰገን ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር መምህርት ናት። ምላሷም ስል ነው።

«አንተ ሰው፣ ወፍጮ በየቤቱ ይተከላል እንዴ?» አለችው።

«ምን ለማለት ነው?»

«ቋንቋህን የሚያውቅ አንድ ሰርቨር ሥራ። ኤዲተሮቹ እህላቸውን ተሸክመው ወደሱ ይሂዱ። ይህ ቃል ልክ ነው ወይ፣ ይህስ ስሕተት ነው ወይ ብለው እሱን ይጠይቁት። ቃል ስትለውጥ አንድ ቦታ ትለውጣለህ፤ ታርፋለህ።»

«እሱ ጊዜ ይፈጃል። ሰው የሚፈልገው ዛሬ ነው።»

«ሰው! ሰውህ እንግዳው ነው፤ እሱም ቋንቋህን የሚከፍተው ባጃጁ ሲበላሽበት ነው።»

እንግዳው የሚባለው ባጃጅ ነጂ ነው፤ በኋላ «ፀሐዩ»ን ለተራው ያደረሰውም እሱ ነው።

ከዚያ የኮሌጁ ዲን አቶ ታደለ አንድ ቀን ጠሩት። በላቦራቶሪያችን ሠርቶ ካየነው ጀማሪዎቹ በአንተ ቋንቋ ይማራሉ፤ አንተም መምህር ትሆናለህ አሉት። ለበእውቀቱ ይህ እንጀራ ብቻ አልነበረም። አማቱ መሪጌታ ማርቆስ፣ የቅኔ መምህር፣ ሰገንን ካገባ ጀምሮ «ያ ሰውዬ» እንጂ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። መምህር ሲሆን በስሙ ይጠሩት ይሆናል። ስለዚህ በዕለቱ እንዲገኙለት ራሱ ሄዶ ለመናቸው። ፊደል የእርስዎ ነው፣ ይዩልኝ አላቸው።

እሳቸውም አዩለት።

የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች ከዚህም ከዚያም የተለቃቀሙ ናቸው፤ ኤዲተራቸው አይመሳሰልም። አቶ ታደለ ሰሌዳው ላይ ጻፍ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ጻፉ። ተማሪዎቹ ገለበጡ። የፊተኛው ረድፍ አረንጓዴ ሆነ። የመካከለኛው ረድፍ ቀይ ተሰመረበት። አንዲት ልጅ ነካካችና ጮኸች፦

«መምህር፣ እዚህ በፀሐዩ ፀ ነው!»

የፊተኞቹ ሰምተው «ፃፍ» ብለው ቀየሩት። አሁን ደግሞ የእነሱ ቀላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእውቀቱ ሰከን ብሎ የሠራላቸው ኤዲተሮች ላይ ቃሉን በጸሎቱ ጸ ጽፎታል። እየተጣደፈ እሺ ያለላቸው ላይ እጁ ባገኘው፣ በፀሐዩ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ተዋውቀው የማያውቁ ሁለት ቃላት ናቸው።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። በየስክሪኑ ፊት ጎንበስ እያሉ አለፉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጻፍን ለስንቱ ነው ለየብቻ ያስተማርኸው?»

«የኔታ፣ ለእያንዳንዱ ኤዲተር...»

«ለአንዱ በጸሎቱ፣ ለአንዱ በፀሐዩ። ለመሆኑ ለልጄ የሰጠኸው ቃል በየትኛው ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት አንዷ ሰገን ነበረች። በእውቀቱ ዞር ሲል አያት። እጇን ወደ አፏ ወሰደች፤ ግን ዘግይታለች።

አቶ ታደለ ጨዋ ሰው ናቸው። «ኤዲተሮችህ ሲታረቁ ንገረን» ብለው ሸኙት። እሱ ቤቱ ሳይደርስ «ፀሐዩ» ባጃጅ ተራ ደርሷል።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ጠፋ። ያን ሁሉ ማስተማሪያ ጣለና ሚስቱ ያለችውን ወፍጮ ተከለ፦ አንድ ሰርቨር፣ አንድ ጻፍ፣ በጸሎቱ ጸ። በፀሐዩ የጻፈ ቢኖር በትሕትና የሚያርም። በየትኛውም ኤዲተር ቢከፍቱት መልሱ አንድ ነው። ሩዙ ሲታጨድ ወጣና ለአቶ ታደለ አሳያቸው።

«ግሩም ነው!» አሉት ከልባቸው። «ምን ያደርጋል፣ ልጆቹ በፈረንጁ ቋንቋ ጀመሩ። ሰገን አልነገረችህም? እሷ እኮ ናት የምታስተምራቸው።»

አልነገረችውም።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ መሪጌታ በሩ ላይ አገኙት።

«ጻፍን አቀናኸው አሉ።»

«አዎ፣ የኔታ። አሁን ሁሉም ከአንድ ቦታ ነው የሚጠይቁ።»

«ደግ። ማን ሊጽፍበት?»

መልሱን የሰጠው መንገድ ዳር ባጃጁን አቁሞ ሰው የሚጠብቀው እንግዳው ነው።

«እኔ አለሁ፣ የኔታ! ፀሐዩ፣ በአዲሱ ኤዲተሬ ይሠራል?»

«ይሠራል!» አለ በእውቀቱ፣ ፊቱ በርቶ። «በሁሉም ይሠራል!»

«እንግዲያ ባጃጄ ሲበላሽ እከፍተዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በእውቀቱ አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ የባጃጁን ጎማ ያይ ነበር።