የሀሊሞ «ሃዬ»

ሀሊሞ ከድሬ ዳር ካለችው መልካ ጀብዱ ተወልዳ በጋብቻ ከተማው ውስጥ መጋላ ሰፈር የገባች ሴት ናት። ታይዋን ገበያ ውስጥ የልጆች ጫማ ትሸጣለች። ባሏ ዋርሳን በጭነት መኪና ድንበር ላይ ወዳለችው ደወሌ ስለሚመላለስ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። ሶማልኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ታወራለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። አባቷ ለወንድሞቿ ደብተር ሲገዛ እሷን ከእናቷ ጋር ወተት እንድትሸጥ ላካት። ብዙ ነገር እያሳቀች የምትናገር ሴት ይህን ስታነሳ አትስቅም።

የመጀመሪያ ልጇን ሱሀይራን ትምህርት ቤት ያስገባችው በዚያ ቁጭት ነው። ሱሀይራ ከልጅ ልጄ ከኑኃሚን ጋር ስድስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ኑኃሚን የቤት ሥራ የምትገለብጠው ከእሷ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ሱሀይራ መቅረት ጀመረች። የሴቶቹ ሽንት ቤት በር የለውም፤ ቧንቧውም ከደረቀ ቆይቷል። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ የት ትግባ? አንድ ቀን ቀሚሷ ተበላሽቶባት፣ ወንዶቹ እያፏጩባት፣ ወደ ቤቷ ሮጠች። በዚያው ቀረች። እናቷ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት። ልጅቷ «በር ሲገጠምለት እሄዳለሁ» ብላ አሻፈረኝ አለች።

በዚያው ሰሞን ከፌዴራል ለተቸገሩ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ ለእኛም ትምህርት ቤት እንደደረሰ ሰማን። ድጎማው ምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት ወላጆች ተሰብስበው ነው፤ መመሪያው እንዲህ ይላል። ሀሊሞ ሱቋን ዘግታ፣ የሰፈሯን እናቶች አስከትላ መጣች። እኔም በኑኃሚን ወላጅነት ተገኘሁ። ርዕሰ መምህሩ ኃይለመለኮት ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ገጽታ፣ ስለ ግቢው ዋና በር በረጅሙ አወራ።

የሶማሌ እናቶች ሰው ሲናገር አፋቸውን ዘግተው አይሰሙም። በየመሐሉ «ሃዬ» ይላሉ፤ እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለታቸው ነው። ሀሊሞም የመናገር ተራዋን እየጠበቀች «ሃዬ፣ ሃዬ» ትል ነበር። ተራው ሳይደርሳት የመገኘት ፊርማ የሚሉት ወረቀት ዞረ። እኔ ፈረምኩ፤ ብዙዎቹ በአውራ ጣታቸው አተሙ። ስብሰባው ተበተነ።

በሳምንቱ ኑኃሚንን ላደርስ ሄጄ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ማንበብ የተማርኩት በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ ከጎልማሶች ጋር ነው። ቀስ እያልኩ ስለማነብ የማልፈው ቃል የለም። «ወላጆች በስፋት ተወያይተው የዋናውን በር ግንባታ በሙሉ ድምፅ ‹እሺ› ብለው አጽድቀዋል» ይላል። ከሥሩ ፊርማችንና አሻራችን ተያይዟል። ደግሜ አነበብኩት። ደሜ ፈላ።

ከዚያው ታይዋን ገበያ ሄድኩ።

«ሀሊሞ፣ በሩን አጽድቀሻል ተብሏል።»

«የሽንት ቤቱን?»

«የግቢውን።»

የያዘችውን ጫማ ወረወረችው። «እኔ? አቦ፣ እኔ መቼ አፌን ከፈትኩ!»

«‹ሃዬ› ስትይ ነበራ።»

«ኤዶ፣ እኔ ለሬዲዮም ‹ሃዬ› እላለሁ!» አለች። ኤዶ አክስቴ ማለቷ ነው።

ተያይዘን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን።

«አንተ፣ ምን ብያለሁ እኔ?» አለችው።

«አንተ?» አለ ቅር ብሎት። ከደጋ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድሬ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እንደምትል አሁንም አልለመደውም። «‹እሺ› ብላችኋል፤ ጸሐፊው ሰምቷል።»

«‹ሃዬ› ነው ያልኩህ! ብቻህን እንዳትለፈልፍ ብዬ፣ አክብሬህ!»

«ያው ነው።»

«ሚስትህ ‹አቤት› ባለችህ ቁጥር የፈለግከውን ፈቀደች ማለት ነው?»

በር ላይ የቆሙት መምህራን ሳቁ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። «የፈረምንበት ወረቀት አናት ላይ ‹የተገኙ ወላጆች› ይላል፤ ‹የተስማሙ› አይልም» አልኩት።

«እማማ፣ ያነባሉ እንዴ?» አለኝ።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ይህች ጥያቄ ናት። የሚያነብ ሰው እንዳለ ቢያውቅ ኖሮ አይጽፈውም ነበር። በእኛ ጨለማ ላይ ነው በሩን ሊያቆም ያሰበው።

ዕቅዱ ወደ ትምህርት ቢሮ መላኩን ሲነግራት ሀሊሞ ክርክሩን ተወችው። በማግስቱ ሠላሳ እናቶች ይዛ ትምህርት ቢሮው ደጅ ተቀመጠች። ፀሐይ ወጣች፣ አናት ላይ ደረሰች፤ አልተነሱም። ኃላፊው ወጥቶ ሰማቸው፣ ዕቅዱንም መለሰው። በሁለተኛው ስብሰባ አንድ መምህር እያንዳንዱን መስመር በሦስቱም ቋንቋ አነበበ። ሀሊሞ ያልገባትን ሦስት ጊዜ አስደገመች። ውኃና ባለ በር ሽንት ቤት እጅ ወጥቶ በድምፅ ብልጫ አለፈ፤ እሷም የወላጆች ኮሚቴ አባል ሆና ተመረጠች።

ሥራው ያለቀው ክረምት ላይ ነው። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ሱሀይራን አምልጧት፣ ኑኃሚን ወደ ሰባተኛ ተዛውራ ነበር። መስከረም ላይ ሀሊሞ ልጇን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆመች።

«ይኸው መጣች» አለችው። «ያቃጠልክባትን ዓመትስ በየትኛው ድጎማ ትመልስላታለህ?»

እሱ ስሟን ፍለጋ አቀረቀረ። የስድስተኛ ክፍልን መዝገብ አገላበጠ። ደወሉ ሲደወል ሱሀይራ የእናቷን እጅ ለቃ ሄደች፤ እንደገና ስድስተኛ ክፍል፣ ከትከሻዋ በታች ከሆኑ ልጆች ኋላ ተሰለፈች።