አንገቴን የያዘችልኝ ሴት

ዛሬ ጠዋት ካዛንቺስ ላይ የተሳፈርኩበትን ታክሲ ከኋላ መኪና ገጨውና አንገቴ ወደ ኋላ ሄዶ ወደ ፊት ተመለሰ።

ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ "ቆይ ላሽልህ" ሲል ሌላው ቡልጋሪያ ሰፈር የሚያውቀው ወጌሻ ጋ ሊወስደኝ ተነሳ።

ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ግን ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ "ማንም እንዳይነካው፤ አንተም እንዳትዞር ወንድሜ" አለች። ታክሲው ክሊኒክ እስኪያደርሰኝ አልለቀቀችኝም።

ሐኪሙ "ዊፕላሽ ይባላል፤ ሳትታሽ መምጣትህ በጀህ" አለኝ። በእንግሊዝኛ የጅራፍ ግርፋት ማለት ነው፤ አንገት እንደ ጅራፍ ጫፍ ተወንጭፎ ስለሚመለስ።

የገጨን ሹፌር ደግሞ ወርዶ እኛው ላይ ሲጮህ ነበር፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባል የለ።

እህቴ፣ መዞር ስላልቻልኩ ፊትሽን አላየሁም። መንገድ ላይ ብታልፊኝ የማውቅሽ በድምፅሽ ብቻ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

እናንተስ፣ መልኩን ሳታውቁት የደረሰላችሁ ሰው አለ?