የተቋጠረው ቄጠማ

ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ባለቤቴ «አንተ እኮ የገዛ ጥላህንም አታምንም» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ለሥራ በመጣሁባት በእንጅባራ ጫፍ ላይ ለወፎች ተብሎ የተከለለ ረግረግ አለ። ክረምቱ ሲገባደድ ጧት ጧት ካፖርቴን ደርቤ፣ አቅርቦ ማያ መነጽሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እዚያ እዞራለሁ። ዓምና በነሐሴ መጨረሻ፣ አናታቸው ላይ ወርቃማ ቁንጮ ያላቸው ሁለት ረጃጅም ወፎች ቄጠማው መሀል ጎጆ ሠርተው አገኘሁ። ሁለት እንቁላል ጥለዋል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ግን ሰው ከሰማ ይሰርቃል ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም።

ታዲያ አንድ ሽማግሌ ከዚያ ቦታ አልጠፋ አሉኝ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ቄጠማው ውስጥ ያጎነብሳሉ፤ ሲያዩኝ ቀና ይላሉ። አንድ ቀን ከሩቅ እጃቸውን አንስተው ሰላም ሲሉኝ፣ በልቤ «አሃ! ሊያዘናጉኝ ነው» አልኩ። አጸፋውን እንኳ በቅጡ አልመለስኩላቸውም።

ጳጉሜን ሊያልቅ ሲል፣ ሽማግሌው እስኪሄዱ ጠብቄ ቄጠማው ውስጥ ገባሁ። በጎጆው ዙሪያ ያለው ቄጠማ እፍኝ እፍኝ እየተያዘ ጫፉ ተቋጥሯል። ወጥመድ! ደሜ ፈላ። አንድም ሳላስቀር ፈታሁት። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጨቅይቶ ቤቴ ስገባ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

በነጋታው የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ለካ ረግረጉ ለአጫጆች የሚከፈተው በዚያ ቀን ብቻ ነው፤ የከተማው ሰው ለበዓል የሚጎዘጉዘው ቄጠማ ከዚያ ይመጣል። ረፋዱ ላይ ስደርስ የጎጆው ቦታ ታጭዶ ድምጥማጡ ጠፍቷል። ጭቃው ላይ የእንቁላል ቅርፊትና የፈሰሰ አስኳል ብቻ ቀርቷል። ወፎቹ ከላይ እየዞሩ ይጮሃሉ። ሽማግሌው እዚያው ቆመዋል።

«እርስዎ ነዎት!» አልኳቸው፣ ሰላምታም የለ።

«እኔማ ቋጥሬላቸው ነበር» አሉ። «እዚህ አገር የተቋጠረ ሣር አይታጨድም። አትንኩ ማለት ነው፤ አጫጁ ሁሉ ያውቀዋል። ማን እንደፈታው እንጃ።»

ወይ ነዶ! ልዋሽ ፈልጌ ነበር፤ ውሸቱ ከየት ይምጣ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ወጥመድ መስሎኝ።»

አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አዩት።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «አንተ መመላለስ ስትጀምር፣ ተመስገን፣ እንግዲህ የወፎቹ ጠባቂዎች ሁለት ሆንን ብዬ ነበር።»