ከመርሳ የወጣው ብር

ሰው አገር ገንዘብ መያዝ ቀላል የሚመስለው ላልያዘው ነው። ሻርጃ ውስጥ የጋራዥ መካኒክ ሆኜ ስሠራ ደመወዜ በካርድ ይገባልኝ ነበር። ካርዱ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ቢሆንም አምኜው አላውቅም፤ ቪዛው የተሰረዘበት ሰው ካርዱም አብሮ ሲዘጋበት አይቻለሁ። ስለዚህ ደመወዝ በገባ ማግስት ለምግብና ለአልጋ የሚሆነኝን አስቀርቼ የቀረውን አገር ቤት፣ መርሳ ከተማ ወዳለው የባንክ ሂሳቤ እልካለሁ። ጓደኞቼ "በጥቁር ገበያ ብትልከው እኮ ይበዛልሃል" እያሉ ያሾፉብኛል። ይብዛ! የማላውቀው ሰው እጅ ገብቶ ከሚበዛ፣ ባንክ ገብቶ ቢያንስ ይሻለኛል። ቋጣሪ ነኝ፣ አልክድም።

የመርሳው ሂሳብ ካርድ እናቴ ዘንድ ነበር። እሷ የምትኖረው ውርጌሳ ነው። በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍራ መርሳ ትወርዳለች፤ እዚያ ባል ያገባችው እህቴ ማሽኑ ጋ ትጠብቃትና የሚስጥር ቁጥሩን ትመታላታለች። እኔ ደግሞ ሻርጃ ሆኜ የባንኩን መተግበሪያ ከስልኬ ከፍቼ ወጪውን አያለሁ።

እናቴ አንድም ቀን ብዙ አውጥታ አታውቅም። ለዘይት፣ ለበርበሬ፣ ለማርያም ማኅበሯ፣ ጥቂት ጥቂት ነው። በአንድ ሳምንት ሁለቴ ካወጣች ደውዬ "ምን ገጠመሽ?" እላታለሁ። "አንተ ልጅ፣ ከባንኩ አንተ ባስህ! ባንኩ እንኳ አይጠይቀኝም" ብላ ትስቅብኛለች። እውነቱን ለመናገር የምጠይቃት ለብሩ ሳስቼ አልነበረም። ያቺን ወጪ ሳይ እናቴ በእግሯ ቆማ፣ መኪና ተሳፍራ፣ ገበያ ውላ መመለሷን አውቃለሁ። በስልክማ "ደህና ነኝ" ከማለት ሌላ ምን ትላለች?

ከዚያ ኩላሊቷን ታመመች። ወልድያ ወስደው አሳከሟት፤ መድኃኒት ታዞላት ተመለሰች። "ልምጣ" ስላት ተቆጣች። "ለቲኬት የምትከሰክሰውን ለመድኃኒቱ ላከው! ሥራህን ጥለህ መጥተህ ቁጭ ብለህ ልታየኝ ነው?" አለችኝ። አሠሪዬ ያለ ፈቃድ የሄደ ሰው መልሶ አይቀበልም። ያለችኝን ሰምቼ እጄ ላይ የነበረውን ሁሉ አሟጥጬ ላክሁ።

ብሩ ገባ። ግን አልወጣም።

የገበያው ቀን አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ለማርያም ማኅበር ሳታወጣ የማትውልበት ዋዜማም አለፈ። እህቴ ዘንድ ደወልኩ። "ጠበል ገብታለች፤ ተሽሏታል" አለችኝ። አገናኚኝ ብላት "ጠበሉ ዘንድ ስልክ አይያዝም፣ ወንድምዓለም" አለች።

"መድኃኒቱስ በምን ተገዛ? ብሩ እንዳለ ነው እኮ!" ብዬ ጮህኩባት።

"ከእኛ አውጥተን ነው፤ ያንተ ይቀመጥ ብላ" አለችኝ። እህቴ ውሸት አትችልበትም። ካርዱ ቤት ውስጥ ነው፣ ቁጥሩንም ታውቃለች፤ ለማስመሰል ያህል ጥቂት ብታወጣ ኖሮ እኔ እንቅልፌን እተኛ ነበር። እሷ ግን እናቷ ሳታዝ ሳንቲም አትነካም።

ከዚያ በኋላ ሥራ አልሆነልኝም። ሞተር ፈትቼ እቆምና ስልኬን አወጣለሁ፤ ያው ቁጥር ነው። በዘይት ያጨማለቅሁትን መስታወት ጠርጌ ደግሜ አያለሁ፤ ያው ነው። እኛ አገር ባሕር ማዶ ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር እንዳይሆን ይደበቅና የአገሩ ሰዎች ተሰብስበው ያረዱታል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ እኔም ለሌሎች ስደብቅ ኖሬያለሁ። አብረውኝ ከሚኖሩት መካከል በዕድሜ የሚበልጡን አንድ የወልድያ ሰው፣ ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ፣ ነበሩ። "ጋሼ፣ የሰሙት ነገር አለ?" አልኳቸው። "ምን እሰማለሁ ልጄ? ሥራህን ሥራ" አሉኝ። ቲኬት ልቁረጥ ብል ያለኝ ሁሉ መርሳ ነው፤ ወዲያ የሄደ ብር ደግሞ ወዲህ አይመለስም። ባንክ ሙሉ ገንዘብ እያለኝ ሻርጃ ላይ ድሃ ሆኜ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መተግበሪያውን ስከፍት ወጪ አየሁ። ቦታው መርሳ ነው። ትልቅ ወጪ፤ እናቴ በአንድ ጊዜ ያን ያህል አውጥታ አታውቅም። እንባዬ መጣ። ከጠበል ወጥታለች፣ በእግሯ ሄዳለች አልኩ። መብዛቱን እንኳ ለበጎ ተረጎምኩት፤ ስትድን ለማርያም ስለቷን ልታገባ ነው ብዬ።

እኔ ቋጣሪው ማታ የክፍሌን ሰዎች በሙሉ የሐበሻ ምግብ ቤት ወስጄ ጋበዝኩ። ጥብስ አዘዝኩ። "እናቴ ተነሣች!" አልኳቸው። አንዱ እጄን ልታጠብ ብሎ ሄዶ ቆየ። ለጋሼ ጉርሻ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው፤ አፋቸው ውስጥ ይዘውት ቆዩና በውኃ ዋጡት። ለካ ሁሉም ያውቁ ነበር። እኔ ግን የዚያን ዕለት እንደበላሁት በልቼ አላውቅም፤ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ሳምንቱ ሳይሞላ፣ ዓርብ ሥራ የሌለ ቀን ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሱኝ። ክፍሉ ከየጋራዡ በመጡ የአገሬ ሰዎች ሞልቷል። ጋሼ ጭንቅላቴን ወደ ደረታቸው ሳቡና "አብሽር ልጄ" አሉኝ። ሌላ መናገር አላስፈለጋቸውም።

ድምፄ እስኪዘጋ ከጮህኩ በኋላ ለእህቴ ደውለው ስልኩን ሰጡኝ። እናቴ ያረፈችው የላክሁት ብር በገባ ሰሞን ነው፤ መድኃኒቱ ሳይገዛ። እህቴ እያለቀሰች ስትነግረኝ እኔ ግን የማስበው ያን ትልቅ ወጪ ነበር።

"ታዲያ ባለፈው ብሩን ያወጣው ማነው?" አልኳት።

"እኔ ነኝ፣ ወንድምዓለም። ለአርባዋ ነው። የበኩር ልጇ ሳይገባበት ተዝካሯ እንዴት ይወጣል? በጎቹን ባንተ ብር ገዛን። ለእስላም ጎረቤቶቻችንም ለብቻ አሳረድን።"

ብዙ ልላት የሚገባ ነገር ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝ ግን አንድ ብቻ ነው።

"ብሩ በቃችሁ?"

"በቅቶ ተርፏል" አለችኝ። "ሰው ሁሉ ጠግቦ በልቶ፣ አንተን መርቆ ሄደ።"