ከሁለቱ ፊልሞች የመረጥሁት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፍኖተ ሰላም። የትምህርት ቤቱን ትልቁን ክፍል ለማጨለም መስኮቶቹን በብርድ ልብስ እየሸፈንን ሳለ፣ ፊልም የሚያሳየው አቶ ዳምጤ ሁለት የፊልም ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣና ፊቴ አስቀመጠ።

«ወይዘሪት፣ መጽሐፉን ያነበቡት እርስዎ ብቻ ነዎት አሉኝ። አንዱን ይምረጡልኝ።»

በስልሳዎቹ መጀመሪያ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርሁ። አቶ ዳምጤ በጂፕ እየዞረ ለተማሪዎች ፊልም ያሳያል፤ በማግስቱ ቡሬ ይጠብቁታል። ሁለቱም ፊልሞች ከአንድ የታወቀ የድሮ ልብ ወለድ የተሠሩ ናቸው። እናቷ ታማ በመርከብ ለሕክምና የሄደችባት ልጅ፣ በየቀኑ ወደቡ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። መጽሐፉ ላይ እናትየዋ አትመለስም።

የእኔ ጭንቅ ግን ሌላ ነበር... የእህቴ ልጅ ይታይሽ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከእኔ ጋር ትኖራለች። እናቷ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ከተኛች ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ያንን መጽሐፍ ከትምህርት መልስ በአማርኛ እየመለስሁ ስተርክላት ከርሜ፣ መጨረሻው ላይ ስደርስ አፌ እምቢ አለኝ። «መርከቧ መጣች፤ እናቷ ድና ወረደች» አልኋት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ።

አሁን ደግሞ የፊት ወንበር ይዛ ተቀምጣለች።

አቶ ዳምጤ የሁለቱንም መጨረሻ ከጥቅሉ እየፈታ ወደ ብርሃን አነሳልኝ። በጥቁርና ነጩ ልጅቷ ደብዳቤ ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። በባለ ቀለሙ እናትየዋ ከመርከብ ስትወርድ ይታያል።

«ባለ ቀለሙን» አልሁት፣ ሳላስብ።

የመብራቱ ሞተር ውጭ ተነሣ። እኔ ምስሉ የሚታይበት አቡጀዲ አጠገብ ቆሜ፣ ተዋንያኑ በእንግሊዝኛ የሚናገሩትን ለልጆቹ በአማርኛ እላለሁ። ሁለት መቶ የሚሆን ተማሪ ትንፋሹን ውጦ ያያል። ጥሩ ሄደልን... መርከቧ ልትመጣ ጥቂት እስኪቀራት ድረስ።

ድንገት ምስሉ ቆመ። የልጅቷ ፊት መሐሉ ላይ ጠቆረና ቀለጠ። የተቃጠለ ነገር ሸተተን።

«አለቀለት!» አለ አቶ ዳምጤ። ፊልሙ ማሽኑ ውስጥ ተይዞ የመጨረሻው ጥቅል እንዳልሆነ ሆኗል።

ልጆቹ መጮህና ማፏጨት ጀመሩ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ተነሡ። «ሌላው አለ አይደል? መጨረሻውን በእሱ አሳያቸው!»

ሮጬ ጠጋ አልኋቸው። «ጋሼ፣ ለዛሬ ይብቃ።»

«ምን ማለትዎ ነው? ከጅጋ ድረስ በእግሩ የመጣ ልጅ አለ እኮ!»

ወደ ይታይሽ ሄድሁ። «ይታይ፣ ራሴን አሞኛል፤ ቤት እንሂድ።»

«መርከቧ ሳትመጣ?» አለችኝ። ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

ጥቁርና ነጩ ጀመረ። ፖስተኛው ይመጣል፣ ደብዳቤውን ይሰጣታል፣ ልጅቷ ድምፅዋን አውጥታ ታነባለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዲሬክተሩ እንግሊዝኛ እንደሚያውቁ እያወቅሁ...

«‹ልጄ ሆይ፣ ድኛለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ› ይላል» አልሁ።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አቡጀዲው ላይ ግን ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ትንሰቀሰቃለች። ጭብጨባው እየሳሳ ሄደ። አንዱ ከኋላ «ታዲያ ምን ሆና ታለቅሳለች?» አለ።

«በደስታ ነው።»

«እታለም» አለች ይታይሽ። ጮክ ብላ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ሰማት። «የደስታ ልቅሶ እንዲህ አይደለም።»

ዲሬክተሩን አየሁ። አንገታቸውን ደፍተዋል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። «እናቷ ሞታለች» አልሁ። «ደብዳቤው የሚለው ይኸንን ነው። ዋሽቻችኋለሁ።»

 የቀረውን እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ተረጎምሁላቸው።

ወደ ቤት ስንሄድ እጄን አልያዘችም። ከፊት ከፊቴ እየሄደች ቆየችና ቆመች።

«የእማዬን ደብዳቤም እንዲህ ነው የምታነቢልኝ?»

 ባለፈው ሳምንት የመጣውን «እማዬ ደህና ነኝ፣ ለመስከረም እደርሳለሁ ትላለች» ብዬ አንብቤላት ነበር። የእህቴ ጽሑፍ ግን ሁለተኛ ኦፕራሲዮን እንደሚቀራት፣ እንደፈራች፣ ከሁሉም በላይ ልጇን ማየት እንደምትፈልግ የሚናገር ነበር። ያንን ሁሉ ደብቄባት ነበር... እንዳታለቅስ ብዬ።

ቤት ገብተን ደብዳቤውን ሰጠኋት። የእጅ ጽሑፉ እያስቸገራት፣ በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችው። ካነበበች በኋላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ፊቷን በነጠላዬ ጠርጋ «መቼ ነው የምንሄድ?» አለችኝ።

ዲሬክተሩ የእህቴን መታመም ያውቁ ነበርና ገና ፈቃድ ሳልጠይቅ «ይሂዱ» አሉኝ። ሰኞ በአውቶቡስ ተነሣን። አዲስ አበባ ስንደርስ ኦፕራሲዮኑ ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። እህቴ ከስታ አልጋው ውጧታል። ልጇን ስታይ ቀና ለማለት ታገለች፤ አቅፋት ብዙ ቆየች። ከዚያ በልጅቷ ትከሻ በኩል ወደ እኔ አየች።

«ምነው እስካሁን? ስጠብቃት እኮ ነው የሰነበትሁ...»



እህቴ ተርፋለች። ለመስከረም አልደረሰችም፤ በታኅሣሥ በምርኩዝ እያነከሰች ፍኖተ ሰላም ገባች። ብዙ ዓመትም ኖረች። እኔ ግን ያ ፊልም ባይቃጠልና የኦፕራሲዮኑ ቀን ክፉ ቢሆን ኖሮ፣ ልጅቷ የእናቷን ፊት ሳታይ የምትቀረው በእኔ አዛኝነት እንደነበር ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

ለልጅ የትኛው ፊልም እንደሚሻል ብትጠይቁኝ አሁንም አላውቅም... ከፊቷ ቆሞ ከመተርጎም ከጎኗ መቀመጥ እንደሚሻል ግን አውቃለሁ።