በልደታ ጠዋት የተሰበረች የሰዓት ጥርስ

ሰዓት አዳሿን ጉዴን አንድ ተራ ቀን ብዙ ያስከፍላታል። ከቤቷ አምቦ ገበያ ድረስ የባጃጅ አለ፤ የሱቋ ኪራይ አለ፤ ሕፃኗን የምትይዝላት ጎረቤት አለች። ከሁሉ የሚወደደው ግን ቀኝ ዓይኗ ነው። ማጉያ ሰክታበት ስለምትውል፣ ማታ የልጇን ፊት እንኳ በዚያ ዓይን አጥርታ አታይም። ያም ሆኖ የሚመጣላት ሥራ ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ነው። በሞላ የሚሠራ ሰዓት ብርቅ ሆኗል።

ሽማግሌው ኦቦ ሆርዶፋ ከወንጪ መጥተው ከሱቋ ደጅ ሲቆሙ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው እንደ ልጃቸው እንዴት እንዳደረች ጠየቋትና ሰዓታቸውን ፈትተው ሰጧት። «ቆመችብኝ።»

ጉዴ ሰዓቱን ታውቀዋለች። ልጃቸው መቲ ውጭ አገር ሮጣ የተሸለመችው ነው። ጉልበቷ ከተጎዳ ወዲህ መቲ አትሮጥም፤ ከሩጫው የቀራት ይኸው ሰዓት ነው፤ እሱንም ለአባቷ አሰረችላቸው። ያኔ ወደ እኛ ሰዓት አዙራ ያስተካከለችላቸው ጉዴ ነበረች።

«እሑድ ትመጣለች» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። «መጀመሪያ የምታየው እጄን ነው። ቆመች ብዬ እንዴት ልንገራት?»

ጉዴ ጀርባውን ከፈተች፤ ሞላው ደኅና ነው። ፊቱን ስታነሣ ግን ወረንጦው ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ።

«ያ ዋቃ! የአምላክ ያለህ!»

ከሥሩ ሌላ ማሽን ተኝቷል። ከጤፍ ያነሱ ጥርሶች ተደራርበዋል፤ መካከላቸው ዙሪያዋን አንዱን ቦታ ጠለቅ፣ አንዱን ቀለል አድርገው የፈለፈሏት ክብ ብረት አለች። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። አዲስ አበባ ሙያውን ላስተማሯት ለጋሼ ሀብተሥላሴ ደወለች።

«ምን ጉድ ነው የማየው፣ ጋሼ?» ብላ ያየችውን ሁሉ ዘረዘረችላቸው።

«ቀን ቆጣሪ ነው። የፈረንጆቹን ወር ረጅሙን ከአጭሩ በራሱ ይለያል። ያቺ ክብ ብረት በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትዞረው።»

«በአራት ዓመት? እሷ አንዴ እስክትዞር ልጄ ትምህርት ቤት ትገባለች!»

ጋሼ ሳቁ። አንዲት ጥርስ ተሰብራ ማሽኑ ውስጥ መቀርቀሯን ስትነግራቸው ግን ሳቁን ተዉት። «ቀን በሚቀይርበት ሰዓት በጎኑ ያለችውን የቀን መጫኛ የነካ አለ። እኩለ ሌሊት ላይ እጅ አያርፍበትም። አሁን የሚወጡ አሉ፣ ያን ሰዓት ብትጫኛቸውም ራሳቸውን የሚከላከሉ። ይሄ ግን የቀድሞው ነው።»

ጉዴ ስልኩን ዘግታ ወደ ኦቦ ሆርዶፋ ዞረች። «ሌሊት ተነሥተው ነካክተውታል እንዴ?»

«ሌሊትማ እተኛለሁ! የምነካው ወር በገባ በአንድ፣ በልደታ ጠዋት ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት። አንድ እስኪል ድረስ በእሾህ ጫፍ ጫን ጫን አደርገዋለሁ። ወራችን ሠላሳ ቀን ነው፤ እሱ ሠላሳ አንድ ቢለኝ እኔ ከየት አመጣለታለሁ?»

ነገሩ ለጉዴ ገባት። አሥራ ሁለት! ጠቋሚዎቹ አሥራ ሁለት ላይ ሲገጥሙ ለእርሳቸው ነግቷል፤ ለማሽኑ ግን እኩለ ሌሊት ነው። እሱ ቀኑን ሊቀይር ሲገፋ እርሳቸው በእሾህ ይገፉታል።

«ኦቦ፣ ወደ እኛ ሰዓት ያዞርኩት እኔ ነኝ። አብረን ነው የሰበርነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ። «ይህን ሁሉ ያሰበ ፈረንጅ፣ በአሥራ ሁለት የሚነጋበት አገር መኖሩን ሳያስብ ቀረ?»

ጉዴ መላውን ነገረቻቸው። የተሰበረውን ብታወጣው ቀን ቆጣሪው ይተኛል፤ ሰዓቱ ግን ሊሄድ ይችላል። ወረንጦው ካዳለጣት ደግሞ ሁሉም ያበቃል።

«ቀኑንማ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። «የመቲ ሰዓት ብቻ ይሂድልኝ።»

ትንፋሿን ይዛ አወጣችው። ሞላውን ስትሞላው ማሽኑ ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ ተነሣ። ኦቦ ሆርዶፋ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እሑድ መቲ ስትመጣ አባቷ አንድም ሳይደብቁ ነገሯት። በማግስቱ መቲ ራሷ ወደ ጉዴ ሱቅ መጥታ የተሰበረችውን ጥርስ በማጉያው ስታያት ቆየችና፣ «ይህችን የሚያክል ብረት የሚቀርጽ ሰው ይኖራል?» አለቻት።

ጉዴ እናንተን የምትለምናችሁም ይህንኑ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥርስ የሚቀርጽ ሰው የምታውቁ፣ አምቦ ገበያ ወርዳችሁ ጉዴ ሰዓት አዳሿን ብላችሁ ጠይቁና አድራሻውን ስጧት። ሲቀርጽም አጠገቡ ቆማ እንድታይ ይፍቀድላት ዘንድ ለምኑላት።