ለንደንን ያየሁበት ቅዳሜ

ካናዳ ውስጥም ለንደን የሚባል ከተማ አለ፤ በመሀሉ የሚያልፈው ወንዝ ደግሞ ቴምስ ይባላል። አገራቸው የናፈቃቸው እንግሊዞች ያወጡለት ስም ነው። ከተማው ምንም አልበደለኝም። ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ እዚያ የዋልኩትን ውሎ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል እኖር ነበር፤ የምሠራው አየር ማረፊያው አጠገብ ካለ መጋዘን ነው። አዲስ አበባ አባቴ ታመዋል። ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ፓስፖርቴን ገና መቀበሌ ስለነበር፣ በሕይወት ሳሉ ደርሼ ዓይናቸውን ለማየት ትኬት እያፈላለግሁ ነበር። በደወልኩ ቁጥር ግን እህቴ፣ "ጸበል ገብተዋል፤ ተሽሏቸዋል፤ አትቸኩል" ትለኛለች። እኔም አምኜ፣ ለገና እሄዳለሁ ብዬ ተረጋጋሁ።

በዚያው ሰሞን ለንደን የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ።

"ዊኬንዱን ኦፍ ከሆንክ ባስ ያዝና ና፤ ከተማውን ላሳይህ" አለኝ።

"ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ሰው የምትጋብዘው?" አልኩት። ቋጣሪነቱን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ቅዳሜ ከባሱ ስወርድ ቆሞ ጠበቀኝ። በቢጫ ጡብ የተሠሩትን አሮጌ ቤቶች፣ ወንዙ ሁለት ሆኖ መጥቶ አንድ የሚሆንበትን ቦታ አሳየኝ። ውሃው ዳር ተቀምጠን፣ "ቴምስ ቴምስ የምትሉት ይሄን ነው? ክረምት ላይ ቀበና ይበልጠዋል" ብዬ ቀለድኩበት። እውነቱን ለመናገር ከተማውን ወድጄዋለሁ፤ ጸጥ ያለ ነው፣ መንገደኛው ሰላም ይልሃል። አባዬ ሲሻላቸው አምጥቼ እዚህ ወንዝ ዳር አናፍሳቸዋለሁ አልኩት። ፊቱን አዞረና ጉንፋን ይዞኛል አለ።

እራት ላይ ሚስቱ ዶሮ ሠርታ እንደ ሙክት ቀለበችኝ። ጠገብኩ ስል፣ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያለች ታጎርሰኛለች። ቤት ልደውል ብል የስልክ ካርዳችን አልቋል አሉኝ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ተከታትለው ገቡ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰውየው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ዘመድ መሀል ሆኖ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚረዳው። አብልተው አረዱኝ። አማርኛችን ለበጉም ለሐዘንተኛውም ያው አንድ ቃል ነው ያለው።

የአባቴ አርባ እንኳ አልፎ ነበር። ተዝካራቸው ተበልቶ እኔ ተሽሏቸዋል እባላለሁ። ቶሮንቶ ያሉት ጓደኞቼም ያውቁ ኖሯል፤ ዊኬንዱን ኦፍ እንድወስድ ሲወተውቱኝ የነበሩት እነሱ ናቸው። ከሁሉም በላይ የተናደድኩት ግን ሞታቸውን ስለደበቁኝ ሳይሆን ሕመማቸው መጽናቱን ስለደበቁኝ ነው። ያኔ እውነቱን ቢነግሩኝ እደርስ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑኝ አጠገቤ ተቀመጡ።

"አይዞህ ልጄ። በእህትህ እጅ ነው ያረፉት። እስከ መጨረሻው አንተን ሲጠሩ ነበር አሉ።"

"እሳቸው ሲጠሩኝ፣ ታዲያ እናንተ ለምን አልጠራችሁኝም?" አልኳቸው።

የአጎቴ ልጅ አቀረቀረ። ሽማግሌው ትከሻዬን ይዘው፣ "አሁን አልቅስ፣ ልጄ፤ ይወጣልሃል" አሉኝ።